በቁጥር የተሠራ ጥበብ

(በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለወጣቶች ስለሚሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት ለማኅበረ ምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለሚኖሩ ወጣቶች የምንሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት ነው። ከዚህም ትምህርት ውስጥ በተለይ አንዱ ክፍል ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ይኸውም ጀማሪዎቹ ተማሪዎች ፕሮግራም እየጻፉ ሥዕል የሚሠሩበት ክፍል ነው። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ይህ ክፍል ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን መወሰን የእናንተ ድርሻ ስለ ሆነ፣ ያየነውንና የምናምንበትን በግልጽ ልናቀርብላችሁ እንወዳለን።

ጥያቄው መጀመሪያ የመጣው ከወላጆች ነው። በጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጠው ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናታችን ወደ ማዕከሉ መጥተው የልጃቸውን ሥራ ካዩ በኋላ፣ «እኔ የላክኋት ጽሕፈት ተምራ፣ የምስክር ወረቀት ይዛ ሥራ እንድትገባ ነው። ሥዕሉስ ምን ይሆናታል?» ብለው ጠየቁን። ከእናንተም መካከል፣ ምእመናን ከዕለት ጉርሳቸው ቆጥበው የሚሰጡት ገንዘብ ለልጆች ጨዋታ መዋል የለበትም ያላችሁ አላችሁ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ሁለቱንም በአክብሮት ተቀብለናቸዋል። የዛሬው ንግግራችን መልስ ይሆን ዘንድ የቀረበ ነው።

ሰፈሩና ልጆቹ

ተክለ ሃይማኖት የመርካቶ ጎረቤት ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ኑሮ በአብዛኛው ከገበያው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሸክም የሚሸከም አለ፣ ልብስ የሚሰፋ አለ፣ እንጀራ ጋግሮ የሚያስረክብ አለ፣ በጉሊት የሚውል አለ። ባለፉት ዓመታት በልደታ ክፍለ ከተማ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ሌሎች ሕንፃዎች ሲሠሩ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። ከእኛም ዘንድ መማር ጀምረው በዓመቱ አጋማሽ ሰፈር የቀየሩ ልጆች አሉ። ከዚህም የተነሣ፣ ልጁ ከእኛ ሲለይ ምን ይዞ ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ዘወትር በፊታችን ነው። ኮምፒዩተሩን ይዞ አይሄድም። ወንበሩንም ይዞ አይሄድም። ይዞ የሚሄደው በአእምሮውና በእጁ የቀረውን ብቻ ነው።

እነዚህ ልጆች ስልክ መነካካት ያውቃሉ። ፊልም ያያሉ፣ ዘፈንና መዝሙር ይለዋወጣሉ። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ የሚያዩት ሁሉ ሌላ ሰው በሌላ አገር ሠርቶ ያበቃው ነው። እነርሱ ተመልካች ናቸው። ትምህርቱን ስናቅድ የፈለግነው አንድ ነገር ነበር፤ ይህም ልጁ ቢያንስ አንድ ነገር ራሱ አዝዞ፣ የታዘዘውም ሲፈጸም በዓይኑ አይቶ እንዲወጣ ነው።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጣል

አብዛኞቻችሁ ክፍሉን ስላላያችሁት በአጭሩ እንገልጽላችኋለን።

የመጀመሪያው ትምህርት ያለ ኮምፒዩተር ነው። መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። መምህሩ በሲሚንቶው ወለል ላይ ጠመኔ ይሰጥና አንዱን ተማሪ «አንተ ኤሊ ነህ» ይለዋል። ሌሎቹ ደግሞ ትእዛዝ ይሰጡታል። ኤሊው የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ፊት መሄድና ባለበት መዞር። ልጆቹ «ካሬ ሣል» ሲሉት ቆሞ ያያቸዋል፤ ካሬ ምን እንደ ሆነ አያውቅምና። ስለዚህ አስበው ይከፋፍሉታል። «አምስት እርምጃ ወደ ፊት፤ ወደ ቀኝ ዙር፤ አምስት እርምጃ ወደ ፊት፤ ወደ ቀኝ ዙር» እያሉ አራት ጊዜ ሲያዝዙት በወለሉ ላይ ካሬው ይወጣል። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ፣ «ይህን ሁሉ ከምንደጋግም አራት ጊዜ አድርገው አንበለውም?» ይላል። በፕሮግራም አጻጻፍ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ ካላቸው ነገሮች አንዱን፣ ድግግሞሽን፣ ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው አገኙት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር ይቀመጣሉ። አሁን ኤሊው በስክሪኑ ላይ ያለች ትንሽ ቀስት ናት። «ወደ ፊት 100፤ ወደ ቀኝ 90፤ ይህን 4 ጊዜ ድገም» ሲሏት ካሬ ትሥላለች። ካሬውን ከሣለች በኋላ 10 ዲግሪ ዞራ ሌላ ካሬ እንድትሥል፣ ይህንም 36 ጊዜ እንድትደግም ቢያዝዟት፣ 144 መስመሮች እርስ በርስ ተላልፈው የመሶብ ክዳን የሚመስል ክብ አበባ ይወጣል። ልጁ የጻፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ይህን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ አላጋጠመንም።

ስሕተቱ የሚታይበት ትምህርት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። አንዲት ልጅ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን እንድትሥል ተጠየቀች። በሒሳብ ትምህርት የእያንዳንዱ ውስጣዊ ማዕዘን 60 ዲግሪ መሆኑን ተምራለች። ስለዚህ «ወደ ፊት 100፤ ወደ ቀኝ 60፤ 3 ጊዜ ድገም» ብላ ጻፈች። የወጣው ግን ያልተዘጋ፣ የተሰበረ ቀለበት የመሰለ ነገር ነበር። ልጅቱ ደነገጠች፤ ሌላው እንዳያይባትም ስክሪኑን በእጅዋ ሸፈነች።

መምህሩ አልተቆጣትም፤ መልሱንም አልነገራትም። «ኤሊዋን ሁኚና በወለሉ ላይ ሂጂበት» አላት። ልጅቱም ተነሥታ ስትሄድበት፣ በማዕዘኑ ላይ የምትዞረው ከውስጥ ያለውን 60 እንዳልሆነ፣ ከሄደችበት አቅጣጫ ወደ አዲሱ አቅጣጫ ያለውን እንደ ሆነ በገዛ እግርዋ ተረዳችው፤ ይኸውም 120 ዲግሪ ነው። ተመልሳ አረመችውና ሦስት ማዕዘኑ ተዘጋ። ቀጥሎም የቀድሞውን ስሕተት 6 ጊዜ ብታስደግመው ምን እንደሚሆን ሞከረች፤ የሚያምር ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ወጣላት። 3 ጊዜ 120፣ 4 ጊዜ 90፣ 6 ጊዜ 60፣ ሁሉም 360 እንደሚሆን ልጆቹ ተነጋግረው ሲያገኙት አንዱ «ዞሮ ዞሮ ከቤት» አለና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ያ ተረት ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍላችን የሒሳብ ሕግ ሆኗል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ለምን እንዳብራራነው ልብ በሉ። እነዚህ ልጆች በብዛት በተሞላ ክፍል ውስጥ የሚማሩ ናቸው። ስሕተት ማለት ለእነርሱ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ፣ ነጥብ ያስቀነሰ፣ በጓደኛ ፊት ያሳፈረ ነገር ማለት ነው። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ መርምሮ ለማረም ጊዜ የሚሰጠው ልጅ ጥቂት ነው። ፕሮግራም ሲጽፉ ግን ስሕተት የማይደርስበት ሰው የለም፤ ሙያው ራሱ በአብዛኛው ስሕተትን ፈልጎ ማረም ነው። ነገር ግን ጀማሪ ልጅ የደመወዝ ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም ቢጽፍና ውጤቱ 4,310 መሆን ሲገባው 4,130 ቢሆን፣ ስሕተት መሆኑንም ላያውቀው ይችላል። ሥዕል ከሆነ ግን ወዲያው ያየዋል። ሦስት ማዕዘኑ አልተዘጋም። መስመሩ ከገጹ ወጥቷል። መምህር ሳይነግረው ልጁ ራሱ ምስክር ይሆናል። ለጀማሪዎች ሥዕልን የመረጥንበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ከተማሪዎቹ መካከል የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ያላለፈ አንድ ወጣት ነበረ። በቤቱም በሰፈሩም «አእምሮው ትምህርት አይቀበልም» ተብሎ ነበርና እርሱም አምኖበት መጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ነገር ካልሠራለት ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን መውጣቱን ተወና ትእዛዙን ከላይ ወደ ታች በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ይህ ወጣት ተአምር ተደርጎለታል አንልም፤ ዛሬም የትምህርት ቤት ውጤቱ መካከለኛ ነው። ይሁን እንጂ ፈተናውን እንደ ገና ተቀምጦ አልፏል። ከእርሱ በኋላ የመጡትን ልጆች ሲረዳም የሚላቸው አንድ ነገር ነው፤ «አትደምስሰው፤ መጀመሪያ የት ጋ እንደ ሳተ እይ።»

ነገሩ ከየት መጣ

ይህ የማስተማር ዘዴ እኛ የፈጠርነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ አገር ዋሊ ፈርዚግ፣ ሲይሙር ፓፐርትና ሲንትያ ሰሎሞን ሎጎ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለልጆች አዘጋጁ። ፓፐርት በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ያደገ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ትእዛዝ እየተቀበለች መስመር የምትሥለው ኤሊ የታወቀችው በዚህ ቋንቋ ነው። ልጁ ራሱን በኤሊዋ ስፍራ አድርጎ በሰውነቱ እንዲያስብ መደረጉም የፓፐርት ትምህርት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ያችን ኤሊ በውስጡ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የወጣው ስክራች ደግሞ ለትንንሾቹ ልጆች የተዘጋጀ ነው፤ ትእዛዞቹ እንደ ጡብ ይገጣጠማሉ፣ በአማርኛም ይገኛል። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫኑ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

በኮምፒዩተር ትእዛዝ ሥዕል መሥራት የልጆች ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሃንጋሪ ተወልዳ በፓሪስ የኖረችው ቬራ ሞልናር እ.ኤ.አ. በ1968 በኮምፒዩተር መሣል ጀምራ በ2023 በ99 ዓመትዋ እስክታርፍ ድረስ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ቤን ፍራይና ኬሲ ሪስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ፕሮሰሲንግ የሚባለውን መሣሪያ ያወጡት ሠዓሊዎች ፕሮግራም መጻፍን በሥዕል በኩል እንዲማሩት ብለው ነው። ስለዚህ ልጆቻችን የሚሄዱበት መንገድ ብዙዎች የሄዱበት ነው።

በቤታችን ያለው

ባለ ዕዳ የሆነችው መበለት ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በጮኸች ጊዜ የጠየቃት በቤትዋ ስላለው ነገር እንደ ነበረ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 እናነባለን። እርስዋ ከቁጥር ያላስገባችው ጥቂት ዘይት የመዳንዋ መጀመሪያ ሆነ። የልማት ሥራ ሠራተኞች ይህን ጥያቄ መርሳት የለብንም። ብዙ ጊዜ የሌለውን ቆጥረን ያለውን እናልፈዋለን።

በተክለ ሃይማኖት ልጆች ቤት ምን አለ? የእናት ነጠላ አለ፤ በነጠላው ጫፍ ላይ ጥለት አለ። መሶብ አለ፣ ሰፌድም አለ። እነዚህን ነገሮች አንሥታችሁ በደንብ ብታዩ በቁጥር የተሠሩ ናቸው። ሸማኔው ድሩን ቆጥሮ፣ ማጉን አሳልፎ፣ ይህን ያህል ቀይ ይህን ያህል ቢጫ እያለ ያንኑ ሥርዓት ይደግመዋል። ስንደዶና አክርማ ይዛ መሶብ የምትሰፋው ሴት ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ አበባው እንዳይዛባ ስንት መጨመር እንዳለባት ታውቃለች። በወረቀት ላይ ሳይጻፍ በእጅ የሚተላለፍ ፕሮግራም ነው ማለት ይቻላል። በአውሮፓም ቢሆን ኮምፒዩተር የሽመና ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ዣካር የጥለቱን ሥርዓት በተበሳ ካርቶን ላይ አስፍሮ ያንን የሚከተል የሽመና መሣሪያ አወጣ፤ እንግሊዛዊው ባቤጅም ይህንኑ የተበሳ ካርቶን ላቀደው የስሌት መኪና ወሰደው። ሮን ኤግላሽ የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ በአፍሪካ የእጅ ሥራዎች ውስጥ አንድ ቅርጽ በራሱ ውስጥ እያነሰ ሲደጋገም የሚታይበትን ሒሳብ መርምሯል፤ ከምሳሌዎቹም መካከል የኢትዮጵያ መስቀሎች ይገኛሉ።

በዚህ ምክንያት ልጆቹ የካሬውንና የሦስት ማዕዘኑን ትምህርት ሲጨርሱ ከቤታቸው አንድ ጥለት አይተው በኮምፒዩተር እንዲሠሩት እናዝዛቸዋለን። አንድ ተማሪ 100 ነጥብ ስፋት ባለው ጨርቅ ላይ ባለ 24 ነጥብ አበባ እየደጋገመ ሠራ። ልብስ ሰፊ የሆኑት አባቱ ሊያዩ መጥተው ብዙም ሳይቆዩ፣ «ጫፍና ጫፉ አይገጥምም፤ ይህን ቀሚስ ማንም አይገዛህም» አሉት። እውነታቸውን ነበር። 24 አራት ጊዜ 96 ነው፤ የተረፈው 4 ነጥብ ጥለቱን ጫፍ ላይ ቆርጦታል። ልጁ አበባውን ወደ 25 አሰፋውና አራት ጊዜ ያለ ትርፍ ገባለት። አባትዬው ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም፤ ይሁን እንጂ በዚያ ቀን የክፍሉ መምህር እርሳቸው ነበሩ። ልጁም የአባቱን ሙያ በሌላ ዓይን አየው።

በዚህ ላይ የፊደላችንን ነገር እንጨምር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተንም ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ለሚሠራቸው ነገሮች በገዛ ፊደሉ ስም እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ስለዚህ ልጁ የአበባውን ትእዛዝ «መሶብ» ብሎ፣ የጥለቱንም «ጥለት» ብሎ ይሰይመዋል። ዋናዎቹ የቋንቋው ቃላት በእንግሊዝኛ መሆናቸው አልቀረም። ሆኖም ልጁ ራሱ የሠራውን ነገር እናቱ በምትጠራበት ስም ጠርቶ ኮምፒዩተሩ ሲታዘዝለት፣ ይህ መሣሪያ የሌላ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ እጅ ሥራ

«ጥበብ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ማስተዋልን ይይዛል፣ የእጅ ሙያን ይይዛል፣ በልብስ ጠርዝ ላይ የሚሠራውንም ጌጥ ይይዛል። በዘጸአት ምዕራፍ 31 እና 35 ላይ ሦስቱ በአንድነት ይገኛሉ። እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ እንደ ሞላው፣ ይህም ወርቅና ብር፣ ድንጋይና እንጨት ይሠራ ዘንድ እንደ ነበረ ተጽፎአል። ከዳን ነገድ ኤልያብም ከእርሱ ጋር ተጠራ። በምዕራፍ 35 መጨረሻ ላይ የሸማኔውና የጥልፍ ሠሪው ሥራ ከመንፈስ ስጦታ ጋር ተቆጥሮአል። በእጃቸው የፈተሉ ሴቶችም በጥበባቸው ተመስግነዋል። ከዚህም በላይ፣ ለሁለቱ ሰዎች ሌላውን የማስተማር ችሎታ በልባቸው እንደ ተሰጣቸው ይነግረናል።

በአገራችን ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋም ለብዙ ዘመን ሲናቁ እንደ ኖሩ ሁላችን እናውቃለን። ወንጌል ይህን ንቀት አይቀበልም። የእጅ ሥራ የበታች ሰው ዕጣ ነው ተብሎ የተነገረው ልጅ፣ እጁ የሠራውን ነገር እግዚአብሔር በስም ጠርቶ የሚያከብረው መሆኑን ሲሰማ ቀና ይላል። ይህን ትምህርት ከሥዕሉ ጋር አያይዘን እናስተምራለን።

ለተነሡት ጥያቄዎች መልስ

አንደኛ፣ ሥዕሉ ሥራ ያስገኛል ወይ? በቀጥታ አያስገኝም። ለወላጆችም የማንፈጽመውን ተስፋ መስጠት አይገባንም። ሥዕሉ በር ነው። በሩን ያለፈ ልጅ ወደሚቀጥለው ትምህርት መሄድ ይችላል። መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመሆን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርን ጀምሮ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ መሠረታዊ የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ዕድል በተከፈተ ጊዜ ግን ፕሮግራም ምን እንደ ሆነ ፈጽሞ ያላየ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ያቋርጣል። ለቅርቡም ኑሮ ቢሆን፣ በከተማችን ለሐበሻ ቀሚስ የሚሠራው የኮምፒዩተር ጥልፍ መርፌው ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚወጋ በተራ በሚነግር ትእዛዝ የሚሠራ ነው። ኤሊዋን ማዘዝ የተማረ ልጅ የጥልፉን ሥራ ሐሳብ ለመረዳት አይቸግረውም።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት «ይህን ሣልልኝ» ሲባል በአንድ አፍታ ይሥል የለምን? ፕሮግራምም ይጽፋል። ታዲያ ልጆቹ ለምን ይደክማሉ? እንዲህ ለሚጠይቁን የምንሰጠው መልስ፣ እንጀራ በሱቅ ስለ ተሸጠ ሊጥ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ትውልድ ማሳደግ የለብንም የሚል ነው። መሣሪያው የሰጠውን ለመመዘን፣ ስሕተቱንም ለማግኘት፣ አንድ ጊዜ በገዛ እጅ መሥራት ያስፈልጋል። እነዚያ ልብስ ሰፊ አባታችን የጥለቱን ጉድለት ወዲያው ያዩት በሙያው ስለ ኖሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ወጪው እንዴት ነው? ፕሮግራሞቹ ያለ ክፍያ የሚገኙ መሆናቸውን ተናግረናል። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችም ይበቃሉ። ከሁሉ የሚከብደው ወጪ የመምህሩ ጊዜ ነው፤ ሊቆጠብ የማይገባውም እርሱ ነው። ኮምፒዩተር ብቻ ገዝቶ ክፍል ውስጥ መቆለፍ ለዘገባ ያምር ይሆናል፤ ልጅ ግን አያስተምርም።

አራተኛ፣ ጽሕፈቱስ ይቀራል ወይ? አይቀርም። የእናታችንን ጥያቄ ሰምተናል። በሳምንት ካሉት ሦስት ቀናት ሁለቱ ለጽሕፈትና ለቢሮ ሥራ እንዲሆኑ፣ አንዱ ቀን ብቻ ለዚህ ትምህርት እንዲጠበቅ እንጠይቃለን። ያ አንድ ቀን ግን እንዳይነካ አጥብቀን እንለምናለን።

ከእናንተ የምንፈልገው

ለማኅበረ ምእመናን። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው እንዲሰጥ አስታውቁልን። ከዚህም ይልቅ በመካከላችሁ ያሉትን ባለ ሙያዎች፣ ሸማኔዎችን፣ ልብስ ሰፊዎችን፣ ስፌት የሚሰፉ እናቶችን አንድ አንድ ቀን ላኩልን፤ ልጆቹ ጥለት እንዲያሳዩአቸው ይፈልጋሉ። የኮምፒዩተር ትምህርት የተማራችሁ ወጣቶችም በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትሰጡን ባስልኤል የተቀበለውን የማስተማር ስጦታ ትካፈላላችሁ። የልጆቹ ሥራ በወረቀት ታትሞ ስለሚላክላችሁ በአዳራሻችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ከሥሩም የሠራው ልጅ የጻፈው ትእዛዝ አብሮ ይሰቀል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች። ጎብኝ ሲመጣ የሚያምረውን ሥዕል ብቻ አታሳዩ፤ ልጁ እንዴት እንዳረመው እንዲያስረዳ አድርጉ። ከልጁ እጅ ማውዙን አትንጠቁ። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ሆኖም «የት ጋ ሳተ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከመንገር ይበልጣል። ሴቶች ልጆች ወደ ኋላ ረድፍ እንዳይገፉ ተጠንቀቁ፤ ሁለት ሆነው ሲቀመጡ ኪቦርዱ በየተራ እንዲያዝ ሰዓት ይዛችሁ ተቆጣጠሩ። በዘገባችሁም ላይ ስንት ኮምፒዩተር እንዳለ ከመጻፍ ይልቅ፣ ስንት ልጅ ያለ ረዳት አንድ ሥራ ጀምሮ እንደ ጨረሰ ጻፉ። ሰፈር ለሚቀይር ልጅ ሥራውን በፍላሽና በወረቀት ስጡት፤ የጻፈውን ትእዛዝ በደብተሩ ገልብጦ ይሂድ። ደብተሩን የያዘ ልጅ ኮምፒዩተር ባገኘበት ስፍራ ሁሉ እንደ ገና መጀመር ይችላል።

የተወደዳችሁ፣ የእርዳታ ሥራ ስንዴና ብርድ ልብስ ብቻ በነበረበት ጊዜ የምንሰጠው ነገር በሚዛን ይለካ ነበር። ዛሬ የቀረበላችሁ ነገር በሚዛን አይለካም። አንድ ልጅ ስሕተቱን ሸፍኖ ከመሸሽ፣ ተመልክቶ ወደ ማረም የሚሻገርበት ትምህርት ነው። ይህን የተማረ ሰው በሽመናም ቢሰማራ፣ በንግድም፣ በቢሮም፣ በአገልግሎትም ቢሰማራ ይጠቅመዋል። በዕቅዱ ላይ ስትመክሩ ይህን እንድታስቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ለባስልኤል ጥበብን የሰጠ እግዚአብሔር ለልጆቻችንም ማስተዋልን ይስጥልን። የእጃቸውንም ሥራ ይባርክ። አሜን።